ቲሩኩራልና አነቃቂ ንግግር፦ የጥንት ታሚሎች ትጋትን የጠየቁት ማንን ነበር?

አነቃቂ ንግግር አዘውትሮ የሚያዳምጥ ሰው እነዚህን ሐሳቦች በቃሉ ያውቃቸዋል። ከፍታህ የሚለካው በአስተሳሰብህ ነው። ዕድል የነፈገህን ጥረት ይሰጥሃል። ዛሬ ነገ ማለት ሕይወትን ይበላል። መከራ ሲመጣ ሳቅበት። ለደረሰብህ ነገር ሌላውን አትውቀስ። ወደ እኛ በአብዛኛው የደረሱት ከአሜሪካና ከእንግሊዝ መጻሕፍት እየተተረጎሙ ስለሆነ የዘመናችን የምዕራብ ሰዎች ግኝት ይመስላሉ። የደቡብ ሕንድ ታሚሎች ግን ከ1,400 ዓመት በላይ ባስቆጠሩ ግጥሞቻቸው ውስጥ ያውቋቸዋል፤ ልጆቻቸውም ገና ትምህርት ቤት ሳሉ ይሸመድዷቸዋል።

ታሚሎች ይህን መመሳሰል በኩራት ያነሡታል። «እኛ ቀድመን ብለነዋል» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። እኔን ግን ከቀዳሚነቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ጥንታዊው ትምህርት ሲጠቀስ ግማሹ የሚቀር መሆኑ ነው። የሚቀረው ግማሽ ደግሞ ኑሮ ከብዶት ሳለ «ጥረትህ አንሶ ነው» እየተባለ የሚወቀሰው ሰው ይበልጥ የሚያስፈልገው ነው። ይህን ለማየት ግጥሞቹ የት ቦታ፣ ለማን እንደተጻፉ መመልከት ያስፈልጋል።

ዋናው ምንጭ ቲሩኩራል ይባላል። 133 ምዕራፎች አሉት፤ በየምዕራፉ አሥር አሥር ግጥም፣ በድምሩ 1,330። እያንዳንዱ ግጥም ሁለት ስንኝ ብቻ ነው፦ የመጀመሪያው አራት ምት፣ ሁለተኛው ሦስት። ጉባኤ ቃና ሲዘረፍ የሰማ ሰው በሁለት ቤት ውስጥ ስንት ነገር ሊታጨቅ እንደሚችል ስለሚያውቅ የዚህን መጽሐፍ ጣዕም ለመገመት አይቸገርም። ቃሉ አጭር ስለሆነ ፍቺው ረጅም ነው። በመካከለኛው ዘመን አሥር ሊቃውንት ማብራሪያ እንደጻፉለት ይነገራል፤ ከእነርሱ በጣም የታወቀው በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ፓሪሜላዣጋር ነው።

መጽሐፉ ሦስት ክፍል አለው። በጎነትን የሚመለከተው 38 ምዕራፍ፣ ሀብትንና መንግሥትን የሚመለከተው 70፣ የወንድና የሴት ፍቅርን የሚመለከተው 25 ነው። ደራሲው ቲሩቫሉቫር ይባላል። ስለ ሕይወቱ የሚወራው ሁሉ አፈ ታሪክ ነው፤ ሊቃውንት ዘመኑን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3ኛው ክፍለ ዘመን አንሥቶ ከልደት በኋላ እስከ 6ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ያመላልሱታል። ጃይኖችም (የሌላው ጥንታዊ የሕንድ ሃይማኖት ተከታዮች) ሂንዱዎችም «የእኛ ነው» ይላሉ። መከራከሪያው ያላለቀው የመጀመሪያው ምዕራፍ ፈጣሪን ሲያመሰግን የአንዱን ሃይማኖት አምላክ ለይቶ ስለማይጠራ ነው።

ዛሬ በታሚል ናዱ ግዛት የመንግሥት አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ከሹፌሩ ጀርባ አንድ የቲሩኩራል ግጥም ተጽፎ ያገኛል። በሕንድ ደቡባዊ ጫፍ ካንያኩማሪ ላይ፣ ባሕር ውስጥ ባለ ዓለት ላይ፣ የደራሲው ሐውልት ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ2000 የተመረቀ ሲሆን ቁመቱ 133 ጫማ ነው፤ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ ጫማ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ነገራችን እንግባ። አነቃቂ ተናጋሪዎች ቢያነቧቸው «ይህ የእኛ ነው» የሚሏቸው ምዕራፎች ከ60 እስከ 63 ያሉት ናቸው። ምዕራፍ 60 ስለ ወኔ ነው። ከእርሱ ውስጥ በጣም የሚወደደው ግጥም እንዲህ ይላል፦ የውሃ አበባ ግንድ የሚረዝመው በውሃው ጥልቀት ልክ ነው፤ የሰውም ከፍታ በልቡ ልክ ነው። ቀጥሎ ያለው ግጥም ደግሞ፦ የምታስበው ሁሉ ከፍ ያለ ይሁን፤ ባይሳካ እንኳ እንደተሳካ ይቆጠራል። «ትልቅ አስብ» የሚለው የዘመኑ ምክር ከዚህ ብዙም አልጨመረም። ይልቁንስ አንድ ነገር ቀንሷል፦ ሐሳቡ ባይሳካም ዋጋ አለው የሚለውን።

ምዕራፍ 61 ስንፍናን ይቃወማል። እዚያ ያለው አንድ ግጥም ስለ ዛሬ ነገ ማለት ካነበብኳቸው ሁሉ የበለጠ ገብቶኛል። ዛሬ ነገ ማለት፣ መርሳት፣ ስንፍናና እንቅልፍ፣ እነዚህ አራቱ፣ ሊጠፉ ያሉ ሰዎች ወደው የሚሳፈሩባቸው ጀልባዎች ናቸው ይላል። ጉልበቱ «ወደው» የሚለው ላይ ነው። ስንፍናን እንደ ጠላት የሚስሉ ምክሮች ብዙ ናቸው፤ ሰውየው ግን ጠላት መጥቶ እንደያዘው አይሰማውም። ጀልባው ምቹ ነው፤ ውሃው ቀስ ብሎ ይወስዳል፤ ነፋሱ ደስ ይላል። እየጠፋ መሆኑን የሚያውቀው ዳርቻው ከዓይኑ ሲርቅ ነው። በአማርኛ «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የምንለውን ታሚሉ በሰባት ምት ብሎታል።

ምዕራፍ 62 የትጋት ምዕራፍ ነው። መዝጊያዎቹ ሁለቱ ግጥሞች በመላው ታሚል ናዱ የታወቁ ናቸው። አንደኛው፦ አምላክ እንኳ ባይፈቅደው ጥረት የደከመውን ገላ ዋጋ ይከፍላል። ሁለተኛው፦ ሳይታክትና ሳያወላውል የሚጥር ሰው ዕጣ ፈንታን ራሷን ጀርባዋን ሰጥታ ስትሸሽ ያያታል። ምዕራፍ 63 ደግሞ መከራ ሲመጣ ሳቅ ብሎ ይጀምርና፣ መንገዱ በከፋበት ቦታ ሁሉ ጋሪውን እንደሚጎትት በሬ ያለ ሰው ሲገጥመው የሚቸገረው መከራው ራሱ ነው ይላል።

እዚህ ላይ ቢቆም ቲሩኩራል የአነቃቂ ንግግር አያት ነው ብለን በዘጋነው ነበር። ብዙዎች የሚያቆሙትም እዚሁ ነው። ያው መጽሐፍ ግን ምዕራፍ 38ን ሙሉ ለዕጣ ፈንታ ሰጥቷል፤ የምዕራፉ የመጨረሻ ግጥም እንዲህ ብሎ ይጠይቃል፦ ከዕጣ ፈንታ የበረታ ምን አለ? ማምለጫ ስናበጅ እርሷ ቀድማን ትገኛለች። በአንድ በኩል ዕጣ ፈንታ ትሸሻለች፣ በሌላ በኩል ቀድማ ትጠብቃለች። ደራሲው ተምታቶበት ነው?

አልተምታታበትም ብዬ አምናለሁ። «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» የሚል ባህል ውስጥ ላደግን ለእኛ ነገሩ ባዕድ አይደለም፤ ይህን የሚል ገበሬ በማግስቱ ማለዳ ተነሥቶ ያርሳል። ሁለቱ አባባሎች ሥራቸው የተለያየ ነው። ዕጣ ፈንታ ብርቱ ናት የሚለው የወደቀውን ሰው እንዳንፈርድበት ይጠብቀናል። ጥረት ዋጋ ይከፍላል የሚለው የቆመው ሰው እጁን አጣጥፎ እንዳይቀመጥ ይቀሰቅሰዋል። የዘመኑ ትምህርት ሁለተኛውን ብቻ ሲወስድ የወደቀው ሰው መከላከያውን አጣ። ጥረት ሁልጊዜ ያሸንፋል ከተባለ ያልተሳካለት ሁሉ ያልጣረ ነው ማለት ነውና።

ትጋት የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ደግሞ ምዕራፎቹ የሰፈሩበት ቦታ ይነግረናል። ከ60 እስከ 63 ያሉት በሁለተኛው ክፍል፣ በሀብትና በመንግሥት ውስጥ ይገኛሉ። በነባሩ የማብራሪያ ጸሐፊዎች አከፋፈል ከምዕራፍ 39 እስከ 63 ያለው ስለ ንጉሥ ነው፤ ከ64 ጀምሮ ስለ አማካሪዎችና ስለ ሚኒስትሮች ይናገራል። ስለዚህ ዛሬ ለሥራ ፈላጊ ወጣት የሚነበቡት የወኔና የትጋት ምዕራፎች አንድ ንጉሥ ሊኖረው የሚገባው ባሕርይ ሲዘረዘር የመጡ ናቸው። የስንፍናው ምዕራፍ መዝጊያ ይህን በግልጽ ይላል፦ ስንፍና የሌለበት ንጉሥ፣ በእግሩ ዓለምን የለካው አምላክ የረገጠውን ምድር ሁሉ ያገኛል።

ይህ ማለት ግጥሞቹ ለተራ ሰው አይሆኑም ማለት አይደለም። የአበባው ግንድ ንጉሥ አይጠራም፤ ታሚሎችም ለዘመናት ለራሳቸውና ለልጆቻቸው ሲያነቡት ኖረዋል። ነገር ግን በዚያው የንጉሥ ክፍል ውስጥ ስለ ጨካኝ አገዛዝ የሚናገር ምዕራፍ 56 አለ፤ እርሱም፦ መሸከም አቅቶት የሚያለቅስ ሕዝብ እንባ የንጉሥን ሀብት የሚጨርስ መሣሪያ አይደለምን? ሲል ይጠይቃል። ሥልጣን ያለው ይትጋ፤ ባይተጋ የሌሎች እንባ ይጠይቀዋል። የትጋቱ ጥሪ በመጀመሪያ የሚያርፈው ብዙ በያዘው ትከሻ ላይ ነው።

ከዘመናዊው የራስ ማሻሻያ መጻሕፍት አነሣሥ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል። ከዘርፉ ቀዳሚዎች አንዱ የሆነው ስኮትላንዳዊው ሳሙኤል ስማይልስ በ1859 ያሳተመው መጽሐፍ የተወለደው በእንግሊዝ ሊድስ ከተማ ለወጣት ሠራተኞች ካደረጋቸው ንግግሮች ነው። ሰውየው ለአድማጮቹ ያስብ ነበር፤ ወጣቶቹም ራሳቸው ተሰባስበው ለመማር የወሰኑ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ግን ዘርፉ «ጠንክር» የሚለውን ቃል ወደ ታች፣ ትንሽ ወደያዘው ሰው፣ ማዞሩን ቀጠለ። ወደ ላይ መናገሩ ደከመ።

ታዲያ ቲሩኩራል ምንም ለሌለው ሰው ምን ይለዋል? ምዕራፍ 106 ስለ ልመና ነው። የመጀመሪያው ግጥም፦ ሊሰጥ ከሚገባው ሰው ለምን፤ ያለውን ቢደብቅህ ነውሩ የእርሱ ነው፣ የአንተ አይደለም። ይህን ግጥም ሳነብ ቆም ብዬ ነው የማልፈው። ኀፍረቱን ከለማኙ ላይ አንሥቶ በከልካዩ ላይ ጭኖታል። ቀጣዩ ምዕራፍ 107 ልመና የሚያስፈራ ነገር መሆኑን ይናገራል፤ ሰው ሠርቶ ያገኘውን ቢበላ ክብሩ እንደሆነም ያስተምራል። ሆኖም በዚያው ምዕራፍ በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ሁሉ የሚያስደነግጠው ግጥም አለ፦ ሰው ለምኖ መኖር ግድ ከሆነበት፣ ዓለምን እንዲህ ያበጀው ራሱ እየተንከራተተ ይጥፋ። ለሃይማኖተኛ ጆሮ ይከብዳል። መጽሐፉን የጀመረው ፈጣሪን በማመስገን መሆኑን ስናስታውስ ደግሞ ይህን ያናገረው ክህደት ሳይሆን የተራበ ሰው ማየት እንደሆነ እንረዳለን።

ሚዛን ለመጠበቅ አንድ ተቃራኒ ላንሣ። ስለ እርሻ የሚናገረው ምዕራፍ 104 መዝጊያው፦ «ምንም የለንም» እያሉ ሰንፈው የሚቀመጡትን ሲያይ ምድር የተባለችው ደግ ሴት ትስቃለች ይላል። ይህ ድሃን መውቀስ ይመስላል። ግን የሚሳቅበት ሰው ማን እንደሆነ ልብ በሉ፤ መሬት ያለው ነው። መሬቱ እግሩ ሥር ሆና እየጠበቀችው እርሱ ተቀምጧል። በእጁ ያለውን ያልነካው ይወቀሳል፤ እጁ ባዶ የሆነው አይወቀስም።

ሀብትስ ለምን ይፈለጋል? የስኬት መጻሕፍት እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ «ለነፃነትህ» ይላሉ። ምዕራፍ 22 መልሱ ሌላ ነው፦ በድካም የተገኘ ሀብት ሁሉ ለሚገባቸው ሰዎች ለመርዳት ነው። ምዕራፍ 8 ደግሞ፦ ፍቅር የሌላቸው ሁሉን ለራሳቸው ያደርጋሉ፤ ፍቅር ያላቸው አጥንታቸው እንኳ የሌላው ነው። ይህን ከትጋቱ ምዕራፍ ለይቶ ማንበብ ይቻላል፤ ግን ሌላ መጽሐፍ ይሆናል።

ስለ ቁጣና ስለ ውሳኔ የሚሉትን ባጭሩ ልለፋቸው፤ መመሳሰሉ ቀጥተኛ ነውና። ራስህን መጠበቅ ከፈለግህ ከቁጣ ተጠበቅ፣ ካልሆነ ቁጣው አንተኑ ይገድልሃል ይላል አንዱ። አስበህ ጀምር፤ ከጀመርኩ በኋላ አስባለሁ ማለት ነውር ነው ይላል ሌላው። ማንኛውም የሥራ አመራር አሠልጣኝ ሁለቱንም ነገ ጠዋት ሊጠቀምባቸው ይችላል።

ከቲሩኩራል ውጪ አንድ ሌላ ግጥም ይነሣ። ፑራናኑሩ በሚባለው የ400 ጥንታዊ ግጥሞች ስብስብ ውስጥ 192ኛው የገጣሚው የካኒያን ፑንጉንድራናር ነው። መክፈቻው፦ ሁሉም አገር አገራችን፣ ሁሉም ሰው ዘመዳችን። ይህን ስንኝ የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ በ2019 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ጠቅሰውታል። ሁለተኛው ስንኝ፦ ክፉም ደግም ሌላ ሰው ሰጥቶን የሚመጣ አይደለም። «ለሕይወትህ ኃላፊነት ውሰድ» የሚለው የዘመኑ ትምህርት ይህችን ስንኝ እንደ ማኅተም ሊያደርጋት ይችላል። ግጥሙ ግን እዚያ አያልቅም። ሕይወት በዓለት ላይ እየተጋጨ በሚጎርፍ ወንዝ ላይ እንዳለች ታንኳ፣ በተወሰነላት መንገድ ትሄዳለች ይልና፣ ከዚያ ተነሥቶ እንዲህ ይደመድማል፦ ስለዚህ ታላላቆችን አይተን አንደነቅም፤ ታናናሾችን መናቅ ግን ከዚያም የባሰ ነው፣ አናደርገውም። ኃላፊነትን መውሰድ እዚህ የሚያደርሰው ወደ ትሕትና ነው። ያለበት ቦታ የደረሰው በጥረቱ ብቻ እንዳልሆነ የሚያውቅ ሰው ከታች ያለውን ለመናቅ ምክንያት ያጣል።

እስካሁን ያየናቸው መመሳሰሎች አብዛኞቹ ከመወራረስ የመጡ አይመስሉኝም። ለምሳሌ «የሚጎዳን ነገሩ ሳይሆን ስለ ነገሩ ያለን ግምት ነው» የሚለውን የዘመኑ ሥነ ልቦና በቀጥታ የወሰደው ከግሪኮች ነው፤ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ አልበርት ኤሊስ የጥንቱን ፈላስፋ ኤፒክቴተስን በስሙ ይጠቅሳል። ሰው በየአገሩ በቁጣ፣ በስንፍናና በሐዘን ስለሚፈተን፣ ልባም የሆኑት በየፊናቸው ተቀራራቢ መልስ ያገኛሉ። የታሚሎች ሐሳብ ወደ ውጭው ዓለም የተሻገረባቸው ሁለት መንገዶች ግን በግልጽ ይታወቃሉ።

አንደኛው በሩሲያ በኩል ያልፋል። ቲሩኩራል ወደ አውሮፓ ቋንቋዎች መተርጎም የጀመረው በ1730 ነው፤ ያኔ ኢጣሊያዊው ሚስዮናዊ ቤስኪ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች ወደ ላቲን መልሷል። በ1908 ሊዮ ቶልስቶይ ለአንድ ሕንዳዊ በጻፈው ረጅም ደብዳቤ ክፉን በክፉ ላለመመለስ ሲከራከር ከዚህ መጽሐፍ ግጥሞች ጠቀሰ። ከግጥሞቹ መካከል አንዱ፦ ክፉ ያደረገብህን የምትቀጣው በጎ አድርገህለት አሳፍረህ ነው። ደብዳቤው ያኔ ኑሮው በደቡብ አፍሪካ በነበረው በጋንዲ እጅ ገባ፤ ጋንዲም ወደ ጉጃራቲ ተርጉሞ አሳተመው። የሕንዶች ቃል በሩሲያዊ ብዕር ዞሮ ወደ ሕንዳዊ ተመለሰ፤ ከዚያም ወደ ዓለም ወጣ።

ሁለተኛው መንገድ ታሚላዊው መንፈሳዊ መምህር ራማና ማሃርሺ ነው። በ1896፣ በ16 ዓመቱ፣ በማዱራይ ከተማ በአጎቱ ቤት ሳለ ድንገት የሞት ፍርሃት ያዘው። ሮጦ ሰው አልጠራም፤ ተጋድሞ እንደ ሬሳ ደርቆ «ይህ ገላ ይሞታል፤ የሚሞተው እኔ ነኝ ወይ?» ብሎ ራሱን መረመረ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቲሩቫናማላይ ወደሚገኘው አሩናቻላ ተራራ ሄዶ በ1950 እስኪሞት ከዚያ አልወጣም። ትምህርቱ ቀላል ይመስላል፦ ሐሳብ ሲመጣብህ አትከተለው፣ አታባርረውም፤ «ይህ የመጣው ለማን ነው?» በል። «ለእኔ» የሚል መልስ ይመጣል። ያኔ «እኔስ ማን ነኝ?» ብለህ ጠይቅ። ጥያቄው ሬሳ ሲቃጠል እሳቱን እንደሚቆሰቁሱበት እንጨት ነው፤ ሌላውን ሁሉ ካቃጠለ በኋላ ራሱም ይቃጠላል።

እንግሊዛዊው ጸሐፊ ፖል ብራንተን እዚያ ሄዶ ያየውን በ1934 ባሳተመው መጽሐፍ ለምዕራቡ ዓለም አስተዋወቀ። ዛሬ ስለ «አሁን» በማስተማር የታወቀው ኤክሃርት ቶሌም ራማናን ከመንፈሳዊ ምንጮቹ መካከል ይጠቅሳል። «ሐሳብህ አንተ አይደለም፣ ተመልከተው» የሚለው በየስልኩ የሚገኘው የማሰላሰል ትምህርት ለዚህ ቅርብ ዘመድ ነው።

ዓላማው ግን ተገልብጧል። የስልኩ ትምህርት ሐሳብን ካረጋጋህ በኋላ ወደ ሥራህ ተመልሰህ የበለጠ እንድታመርት ነው። ራማና ግን የሚጠይቀው «መሻሻል የሚፈልገው ይህ እኔ ማን ነው?» እያለ ነው። ራስን ማሻሻል አንድ መሻሻል ያለበት ራስ እንዳለ ቆጥሮ ይነሣል፤ ራማና የሚመረምረው ያንኑ መነሻ ነው። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ናቸው ማለት አይቻልም። አንዱ የሚጨርሰው ሌላው በሚጀምርበት ቦታ ነው።

ጥንታዊ ስለሆነ ብቻ ሁሉ ይዋጥ ማለቴ አይደለም። ቲሩኩራል ሚስት ባሏን እንደ አምላክ እንድታመልክ ያወድሳል፤ በሚስቱ የሚመራ ወንድንም የሚነቅፍ ሙሉ ምዕራፍ አለው። ይህ የዘመኑ ነው፤ ዛሬ ያሉ ታሚል ሴቶችም አጥብቀው ይተቹታል። በሌላ በኩል ያው መጽሐፍ በምዕራፍ 98 ላይ ሕያዋን ሁሉ በልደታቸው እኩል ናቸው ይላል፤ በዘርና በሙያ በተከፋፈለ ማኅበረሰብ መካከል ሆኖ።

መጽሐፉን ለማንበብ የሚፈልግ ሰው ከመጀመሪያው ምዕራፍ መጀመር ግድ የለበትም፤ ምዕራፎቹ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ናቸው። ከ60 እስከ 63 ያሉትን አርባ ግጥሞች በአንድ ቁጭታ መጨረስ ይቻላል። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ 38ን፣ ቀጥሎ 22ን፣ በመጨረሻ 106ንና 107ን ማንበብ ነው። ሥራ አጥቶ ቤት የተቀመጠ ወንድም ወይም እኅት ያለው ሰው ግን ቅደም ተከተሉን ይገልብጠውና ከ106 ይጀምር።